ሐሙስ ቀን ጎመን ማን ያዛል?

በከተማችን መካከለኛ ምግብ ቤቶች ውስጥ የምግብ ዝርዝር የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ወረቀት አይደለም፤ ሰው ነው። አስተናጋጁ ከጠረጴዛው ራስ ይቆምና በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፦ «ደረቅ ጥብስ፣ ለጋ ጥብስ፣ ዘልዘል፣ ጭቅና፣ ሸክላ ጥብስ፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ ክትፎ በአይብ በጎመን፣ ለብለብ ይሁንልን ካላችሁም ይሆናል፣ ዱለት፣ ምላስ ሰንበር፣ ቅቅል…» ጭቅና ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ሸክላው ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው ይሰበሰባሉ። ከተቀመጡት አንዱ «እኔ እንኳ ዛሬ ሥጋ አላሰኘኝም፤ ሌላ ምን አለ?» ያለ እንደሆነ ግን ያ ሁሉ ሙቀት ባንዴ ይጠፋል። «የጾም? በያይነት አለ። ሽሮ አለ። ፓስታ በአትክልት አለ።» አለቀ። መኖሩን ነገረን፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገረንም።

«በአትክልት» የምትለዋን ቃል እስቲ ልብ በሏት። የትኛው አትክልት? ካሮት ይሁን ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን ይሁን ዝኩኒ፣ የሚያውቀው ወጥ ቤቱ ብቻ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆን «ፓስታ በከብት» ብሎ የሚያቀርብ ደፋር የሚገኝ አይመስለኝም።

ከብት ካነሳን አይቀር፣ ቋንቋችን ለሥጋ ያደላል። ሉካንዳ ደጃፍ ቆሞ «ግማሽ ኪሎ ሥጋ» ብቻ የሚል ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ እናቱ የላከችው ልጅ ነው። አዋቂው ታላቅ ነው ታናሽ፣ ሽንጥ ነው ዳቢት፣ ሻኛ ነው ንቅል፣ ጎድን ነው ፍርምባ እያለ ይመርጣል፤ ሥጋ ቆራጩም በየስሙ ይመልስለታል። ያቺ እፍኝ የማትሞላ ዶሮ እንኳ 12 ብልት ወጥቶላት ሁሉም ስምና ባለቤት አላቸው፤ ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን እንደሚገባ ሳያውቅ ወጥ የሚያወጣ ሰው ቤተ ዘመድ ያቀያይማል። ምስር ግን ምስር ነው። ክክም ክክ ነው። ጎመን ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ ይቀቀላል፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይቁላላል፤ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ስሙ ያው ከማሳ ይዞት የመጣው ነው፦ ጎመን።

የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ የሥጋ ስም በቃላችን ይዘን የምንዞረው ሥጋ አዘውትረን የምንበላ ሆነን አይደለም። አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ በነፍስ ወከፍ ሥጋ በመብላት ግን ከዓለም ግርጌ አካባቢ ነን። የእኛ አገር ሥጋ በል በአብዛኛው በኪሱ ጿሚ፣ በልቡ ሥጋ በል ነው። አትክልትን ለእሱ ማስወደድ የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ ፉክክሩ ከጠገበው ሥጋ ጋር ሳይሆን ከናፈቀው ሥጋ ጋር ነው። የናፈቁት ነገር ደግሞ ጅማትም ስብም አይታይበትም።

አንድ ጥያቄ ግን ይነሳል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት የጾም ቀን ለምእመናን በዓመት ከ180 ይበልጣል፤ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ይደርሳል። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ 55 ቀን የሚዘልቅ ዐቢይ ጾም አለ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል የሚጾመው ፍልሰታ አለ። የዓመቱን ግማሽ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚያሳልፍ ሕዝብ ጎመንን በማሞገስ ከዓለም የሚስተካከለው ሊኖር አይገባም ነበር። ለምን አልሆነም?

እኔ ጾሙ ራሱ አሰነፈን ባይ ነኝ። ረቡዕ ቀን ደንበኛው በቀን መቁጠሪያ ተይዞ ይመጣል፤ ባለ ምግብ ቤቱ ማባበል አያስፈልገውም። ለታሰረ ገበያ ማን ቅኔ ይቀኛል? ሐሙስ ሲመጣ ደንበኛው ይፈታል፤ ጎመኑ ግን ስለ ራሱ መናገር አልተማረም። «የጾም» የሚለው ቃል ረቡዕ ዕለት ማረጋገጫ ነው፤ ምግቡን ቅቤ እንዳልነካው፣ ድስቱና ጭልፋው እንኳ የተለየ እንደሆነ ይመሰክራል። ያው ቃል ሐሙስ ዕለት «ሳትገደድ ለምን ትቀጣለህ?» የሚል ይመስላል። ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ ቀን የቀረው ጾም ጾሞ፣ ሉካንዳዎች ሲከፈቱ አይቶ፣ የፋሲካ ማግስት «እስቲ የጾም በያይነት አምጣልኝ» ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ እሳቸውም ሐኪም አዞባቸው ነው።

እኚህ ሰው የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ ናቸው። ጥሬ ሥጋ መብላት ከክብር የሚቆጠር ነገር ነው ብለው የሚያምኑ፣ ሪህ ያዘኝ ሲሉ እንኳ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ያለባቸው ሰው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነበር፤ ደግ ልጅ። «አባቴ፣ ሥጋውን ይቀንሱ፤ አትክልት ያዘውትሩ» አላቸው። በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር የአገሪቱን ጎመን በሙሉ ፋርማሲ አስገባው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጋሼ ቤት ጎመን የሚበላ ነገር መሆኑ ቀርቶ የሚወሰድ ነገር ሆነ። «ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ስላቸው፣ «ኪኒኑን ወስጃለሁ፤ ሰላጣው ይቀረኛል» ይሉኛል። ቅጠል ሲቀርብላቸው ደግሞ የታወቀውን ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «እኔ ፍየል ነኝ?»

ይህ የጋሼ አመል ብቻ እንዳልሆነ አሜሪካኖች በቁጥር ደርሰውበታል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ብራድሊ ተርንዋልድ፣ ዳንየል ቦልስና አሊያ ክረም እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ወራት በአንድ የዩኒቨርሲቲ ካፍቴሪያ ውስጥ ለአትክልት ስም እየለዋወጡ 46 ቀን ቆጠሩ፤ ውጤቱንም በ2017 አሳተሙ። አሠራሩ ያው፣ ቅመሙ ያው፤ የሚለወጠው ከፊቱ የሚለጠፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። አንድ ቀን «ካሮት» ይባላል። ሌላ ቀን «ስኳር የሌለው ማጣፈጫ ያለው ካሮት» ይባላል። ሌላ ቀን ደግሞ በብርቱካንና በሎሚ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ፣ የተጠማዘዘ ካሮት ሆኖ ይመጣል። ቀይ ሥሩንማ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር አጋብተው «ዳይናማይት» የሚል ማዕረግ ሰጡት። ስሙ ያማረለትን አትክልት፣ እንዲሁ በደረቁ ከተጠራው በ25 በመቶ የበለጠ ሰው አነሳው፤ «ይህ የለበትም፣ ያ ተቀንሶለታል» ከተባለው ደግሞ በ41 በመቶ። እንግዲህ ከሁሉ የከፋው ስም የለሹ አልነበረም። የጤና ስም የወጣለት ነው።

እኛስ? «ጎመን በጤና» የምንል ሕዝብ ነን። አባባሉ ጎመንን ለማወደስ የወጣ እንዳይመስላችሁ፤ ጮማው ሲያልፈን የምንጽናናበት ነው። ጤና ካለ ጎመንም ይበቃል፣ ምን ይደረጋል፣ ነው ነገሩ። እነዚያ ሰዎች 46 ቀን ፈጅተው «ይህን ብላችሁ አትሽጡ» ያሉትን ማስታወቂያ እኛ ከአያት ቅድመ አያት እየተቀባበልን፣ ያውም በምርቃት መልክ፣ ስናስተላልፈው ኖረናል።

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ጥናቱን አላነበቡም፤ ባላቸውን ግን አንብበው ጨርሰዋል። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ቤታቸው ሄጄ አዚፋ ሠርተው ደረስኩ። አዚፋ ድፍን ምስር ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀይ ሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በስናፍጭ ተለውሶ የሚቀርብ ነገር ነው። ጋሼ ፊት በቀጥታ ቢቀመጥ «ቀዝቃዛ ምስር ለማን ነው?» እንደሚሉ አያጠራጥርም። እትዬ ሳህኑን ከጋሼ አርቀው እኔ ፊት አስቀመጡና ጮክ ብለው፣ «ላንተ ነው ያወጣሁት ልጄ። እሳቸው ይሄን ስናፍጭ አይችሉትም፤ ዛሬ የተፈጨ ነው፤ በአፍንጫ ገብቶ ጭንቅላት ነው የሚመታው። ዕድሜም አለ» አሉ።

ጋሼ ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ማነው የማይችለው?»

«ይተዉ ይቅርብዎ፣ ለነገ ራስ ምታት…»

«አምጪው እባክሽ!»

ሳህኑ ወደ ጋሼ ተዛወረ። በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በሁለተኛው መሐረብ ፈለጉ፤ ቀጥሎ «ይሄ ነው? ይሄ ምኑ ነው?» እያሉ በእንጀራ ሳህኑን ጠረጉት። እትዬ ዘወር ብለው ፈገግ አሉና ጨመሩላቸው። ያን ዕለት ስለ ሪህ ያነሳ የለም፤ ስለ አሰርና ስለ ደም ቧንቧም የተናገረ የለም። የስታንፎርዱ «ዳይናማይት» ከዚህ በምን ይለያል? ሥጋ በል የሚባል ፍጡር «ይጠቅምሃል» ሲሉት ይሸሻል፣ «አትችለውም» ሲሉት ይቀርባል። ሴትም ሥጋ በል አለች፤ ይኼኛው በሽታ ግን በወንድ ይብሳል።

ከጾም ወገን ሐሙስ ቀን አንገቱን ቀና አድርጎ የሚታዘዝ አንድ ምግብ እንዳለ አልረሳሁም፦ ሽሮ። ለምን ይመስላችኋል? በእኔ ፍርድ ስም ስላለው ነው። ምጥን ሽሮ አለ፣ ነጭ ሽሮ አለ፣ ፈሰስ አለ፣ ተጋቢኖ አለ፤ ከፍስኩ ጋር ዝምድና የፈጠረ ቦዘናም አለ። ተጋቢኖ ደግሞ አመጣጡን ያውቅበታል፤ በጥቁር ሸክላ እየተንተከተከ፣ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠም በኋላ እየፈላ፣ ትንሽ ቆዩ እያለ ነው የሚመጣው። አስተናጋጁም «አንድ ተጋቢኖ!» ብሎ ወደ ማድ ቤት ሲጣራ ድምፁ አይወድቅም። ስለዚህ ጥፋቱ የሽምብራው አይደለም ማለት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ለምስሩም ለጎመኑም የሚሆን ቃል ጠፍቶ አይደለም። ቃሉ ማድ ቤት ነው ያለው። እትዬ ለጎረቤታቸው ምስር ወጥ አሠራር ሲነግሩ ብትሰሙ ምራቃችሁን ትውጣላችሁ። «ሽንኩርቱን በደረቁ አመሰዋለሁ፣ ቶሎ ዘይት አላሳየውም፤ በርበሬውን ከጨመርኩ በኋላ ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረግሁ፣ ቀስ እያለ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ ይቁላላል፤ ያኔ ነው ምስሩ የሚገባው…» ይህ ሁሉ ከማድ ቤቱ ደፍ አይወጣም። ሳሎን ሲደርስ «ምስር ነው፣ ብሉ» ተብሎ ይቀርባል። ምግብ ቤቶችም ያው ናቸው፤ ወጥ ሠሪዋ የምታውቀውን አስተናጋጁ አያውቅም፤ አስተናጋጁ የማያውቀውን ደንበኛው በምን ያውቃል?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ የአበሻ ምግብ ቤቶች በዚህ ቀድመውናል። እዚያ ከሚገባው ደንበኛ ብዙው ምስር ወጥ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ባለቤቶቹ መግለጽ ግድ ሆነባቸው፤ ምስሩ በምን ቁሌት በዝግታ እንደበሰለ፣ አልጫው በእርድ ቀልሞ እንደመጣ፣ ጎመኑ ነጭ ሽንኩርት እንደገባበት ከስሙ ሥር ይጻፋል። በያይነቱም እዚያ የረቡዕና የዓርብ ምግብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ጾም የሚባል ነገር የማያውቅ ፈረንጅ ቅዳሜ ማታ ተሰልፎ የሚበላው ሆነ። እኛ ግን ሁላችንም ስለምናውቀው ማንም አይነግረንም።

የታተመ ሜኑ ያላቸው ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ጉድ አለባቸው። የፍስኩ ከፊት በፎቶግራፍ ታጅቦ ይደረደራል፤ የጾሙ ከበስተኋላ፣ ከለስላሳው መጠጥ ጎን፣ አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ለጿሚው ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ እንዳይነካበት። ሥጋ በሉ ግን ያንን ገጽ አይገልጠውም። በዚሁ ነገር ላይ ከለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የወጣ ጥናት አለ፤ ሥጋ አልባዎቹ ምግቦች ከሌሎቹ ተነጥለው ለብቻቸው ሲዘረዘሩ የመመረጥ ዕድላቸው በ56 በመቶ ወርዶ ተገኘ። አጥኚዋ ሊንዳ ቤከን ይባላሉ። ቤከን የአሳማ ሥጋ መሆኑን ለምታውቁ፣ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ተረት እንግሊዝ አገር እንደማይሠራ በዚሁ አረጋግጡ።

እዚያው እንግሊዝ አገር ሴንስበሪ የተባለው ሱፐርማርኬት በካፌዎቹ «ሥጋ አልባ ቋሊማ ከተፈጨ ድንች ጋር» የሚል ምግብ ይሸጥ ነበር። ስሙን ለውጦ የካምበርላንድ ቅመም ያለው የአትክልት ቋሊማ ሲለው ሽያጩ በ76 በመቶ ጨመረ። ካምበርላንድ በቋሊማው የታወቀ የሰሜን እንግሊዝ ምድር ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፓኔራ የሚባል የምግብ ቤቶች ድርጅት «ስቡ የተቀነሰ የአትክልት ጥቁር አደንጓሬ ሾርባ» የሚል የሐኪም ማስታወሻ የመሰለ ስም ያለው ምግብ ነበረው፤ በሎስ አንጀለስ «የኩባ ጥቁር አደንጓሬ ሾርባ» ቢለው 13 በመቶ ተጨማሪ ተሸጠ። ኩባ ያልሄደ ሰው ሁሉ ኩባን ቀመሰ። ስቡ መቀነሱን ማንም አልጠየቀም።

ይህን ጥበብ እኛ መቼ አጣነው? የሐረር ሰንጋ፣ የሸኖ ቅቤ ማለት ከጥንትም የለመድነው ነው። ከተክሉም ወገን ቢሆን የማረቆ በርበሬ፣ የአዳ ጤፍ፣ የምንጃር ሽምብራ፣ የሻሸመኔ ድንች እያልን ነው ገበያ የምንወጣው። ሻጭም ገዢም በአገሩ ስም ይከራከራሉ፤ «ይሄ የሻሸመኔ አይደለም» ተብሎ ዋጋ ይሰበራል። ያው ድንች ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ዜግነቱን ይነጠቅና ሜኑ ላይ «ድንች ወጥ» ተብሎ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ተመራማሪ በፊት ነገሩን የጨረሱት የጉልት እናቶች ናቸው። አቮካዶውን «ቅቤ ነው፣ ቅቤ!» ይሉታል፤ ብርቱካኑን «ማር!»፣ ድንቹን «እንቁላል የመሰለ!»። ጉልት ተቀምጣ «በአሰር የበለፀገ ጎመን» የምትል ሴት አላየሁም፤ ብትኖርም ጎመኑ ሲጠወልግ አብራው ትውላለች። «ዛሬ ጠዋት የተቀነጠሰ፣ ጤዛው ያልደረቀ» ነው የምትለው። ጿሚው ገዢ «ቅቤ» ስትለው አይደነግጥም፤ አቮካዶ ገዝቶ ሲሄድ ቅቤ ገዛሁ የሚል የለምና።

ሙገሳና ማታለል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። «ቅቤ የመሰለ አቮካዶ» ሙገሳ ነው። «የጾም ክትፎ» ግን ውል ነው፤ ውሉም ገና ከመጀመሪያው ፈርሷል። አንድ ካፌ ውስጥ ጋሼ በዚህ ስም የተጠራ ነገር ቀርቦላቸው ነበር። ከምን እንደተሠራ እስካሁን አልተጣራም፤ ቀይ ነበር፣ ሚጥሚጣም ነበረው። ቀመሱት፣ ማንኪያውን አስቀመጡ፣ ሒሳብ ጠየቁ። የተቆጡት በምግቡ አልነበረም። «በራሱ ስም ቢመጣ እበላው ነበር፤ የክትፎን ስም ሰርቆ ምን አስመጣው?» አሉ። ፍርዳቸው ትክክል ይመስለኛል። ክትፎ ብላችሁ ስትጠሩት ሥጋ በሉን «ከክትፎ ጋር አወዳድር» ማለታችሁ ነው፤ በዚያ ውድድር ደግሞ እስከ ዛሬ ክትፎ ተሸንፎ አያውቅም።

አውሮፓውያን በዚህ ጉዳይ ችሎት ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከተክል ብቻ የተሠራ ነገር «ወተት»፣ «ቅቤ» ወይም «አይብ» ተብሎ እንዳይሸጥ ወሰነ፤ እንደ ኮኮናት ወተትና የለውዝ ቅቤ ላሉ ቀደም ብለው ለተለመዱ ጥቂት ስሞች ብቻ በሩ ክፍት ነው። በ2020 ደግሞ «የአትክልት በርገር» የሚለው ስም ይከልከል የሚል ሐሳብ ለኅብረቱ ፓርላማ ቀርቦ ወደቀ። ክርክሩ ግን እስካሁን አልበረደም። ሕጉ እኛ ዘንድ ቢመጣ የጾም ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ምን ብሎ ሊያዝ እንደሆነ እንጃ።

ለሐቅ ሲባል፣ አስመስሎ መሥራት የዛሬ ካፌዎች ፈጠራ አይደለም። የሽምብራ ዓሳን ተመልከቱ። የሽምብራው ዱቄት በቅመምና በዘይት ይታሻል፤ የዓሳ ቅርጽ ይወጣለታል፣ ክንፍም ጅራትም ይበጅለታል፤ ከዚያ ተጠብሶ በርበሬ ቁሌት ውስጥ ይገባል። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት በየቤቱ ባልተቋጨበት አገር እናቶቻችን የማያሟግት ዓሳ ሠሩ። ይህ ግን ማንንም አያታልልም፤ ሽምብራ መሆኑን ስሙ አስቀድሞ ይናገራል፣ ቀልዱንም ለበላተኛው ያካፍለዋል። «የጾም ክትፎ» ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም።

የስም ጉልበትም ቢሆን ወሰን አለው። የስታንፎርዱ ቡድን ሙከራውን በአምስት ዩኒቨርሲቲዎች አስፍቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላ ውጤት አወጣ፤ ጣዕም የሚያነሱት ስሞች ከጤና ስሞቹ በ29 በመቶ የበለጠ ሰው ሳቡ። ይሁንና ስሙ በደንብ የሠራው አትክልቱ እውነትም በሚጣፍጥባቸው ቦታዎች ነው። ውኃ የቋጠረ ጥቅል ጎመን በወርቅ ቀለም ቢጻፍም ያው ውኃ የቋጠረ ጥቅል ጎመን ነው፤ አንድ ጊዜ ይሸጣል፣ ሁለተኛ አይሸጥም። ደግሞም ማብዛት አለ። አንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎች ሜኑ ላይ «በተፈጥሮ ጸጋ የተዋዛ የገነት ቅጠላ ቅጠል ኅብር» ዓይነት ነገር ማየት ጀምሬያለሁ። ለጋሼ ሲነበብላቸው «በአማርኛ ምንድን ነው?» አሉ። ሰላጣ ነበር።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተዋችሁ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ምሳ አብረው ሲወጡ ሥጋ ቶሎ ይከፋፍላቸዋል፤ የክርስቲያን ነው የሙስሊም የሚለው ጥያቄ ይነሳና አንዱ ትሪ ሁለት ይሆናል፣ አንዱ ቤትም አንዳንዴ ሁለት ቤት ይሆናል። በያይነቱ ሲመጣ ግን ሁሉም እጅ ወደ አንድ ትሪ ይዘረጋል። ይህን የሚያህል የሽያጭ ቃል በእጁ ይዞ «ፓስታ በአትክልት አለ» የሚል ነጋዴ ማየት ያናድዳል።

ስለዚህ ለምግብ ቤት ባለቤቶች ልመና አለኝ። ለጿሚው የጾሙን ገጽ እንዳለ ተዉለት። ሐሙስ ለሚመጡት ለእነ ጋሼ ግን ምስር ወጡን ከጥብሱና ከቅቅሉ መካከል አስገቡት፤ በምን ቁሌት እንደተሠራ አንድ መስመር ጻፉበት። አዚፋው በአፍንጫ እንደሚገባ አስጠንቅቁ። «ጤናማ» የምትለዋን ቃል ሰርዙ። አስተናጋጆቻችሁን አልፎ አልፎ ምሳ ከምስሩና ከአዚፋው አብሏቸው፤ ያልቀመሱትን ማወደስ አይችሉም። ድንቹን ደግሞ የሻሸመኔ ካልሆነ የሻሸመኔ ነው ብላችሁ አትጻፉ፤ ጋሼ ይጠይቃሉ።